እንግዳውና ቤተኛው

ግንቦት 17 ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የኮምፒውተር ጥገና ክፍሉ በር በትርፍ ቁልፍ ተከፈተ። በረጅሙ የእንጨት ጠረጴዛ ወገብ ላይ ሁለት ኮምፒውተሮች ሽፋናቸው ተፈትቶ፣ ሆድ ዕቃቸው ተገልጦ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ባለው ወረቀት አናት ላይ «ሦስተኛ ሙከራ» የሚል ርእስ ተጽፎ ከሥሩ በማስመሪያ ተሰምሯል። ከመሥመሩ በታች ምንም የለም። ሙከራውን ሲያካሂድ የነበረው ሰው ሰኞ ማታ ተኝቶ ማክሰኞ አልተነሣም። ሐኪሙ «ልቡ ነው» አለ።

በዚያ ሳምንት ስለ እርሱ የተናገሩ ሁሉ «ጀምሮ ሳይጨርስ የቀረው ሥራ ይህ ብቻ ነው» አሉ። እውነት አይደለም። የጓሮውን በር ግማሹን አረንጓዴ ቀብቶ ከተወው ዓመታት አልፈዋል። ለሚስቱ ቃል የገባላት የመጽሐፍ መደርደሪያም እንደ ሰው ሁለት እግር ብቻ ኖሮት ግድግዳ ተደግፎ ይኖራል። የግዢ ኮሚቴው በበኩሉ ለሟቹ ክብር ሲል ከሁለቱ ኮምፒውተሮች አንዱንም ላለመግዛት በሙሉ ድምፅ ወሰነና ማንም ያልሞከረውን ሦስተኛ ዓይነት ገዛ። ሟቹ ቢሰማ ኖሮ ልቡ የሚቆመው ያን ጊዜ ነበር።

በመሥሪያ ቤቱ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ዳኛው ነበር የሚባለው። ስሙ የወጣለት ሁለት ጸሐፊዎች «የኔ ኪቦርድ ይከብዳል፣ ያንቺ ይቀላል» እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ነው። ሌላ የጥገና ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ኪቦርዱን አቀያይሮላቸው ወደ ምሳው ይሄድ ነበር። እርሱ ግን ከኪሱ ትንንሽ ብሎኖች አውጥቶ፣ በአንዷ ቁልፍ ላይ አንድ በአንድ እየደረደረ፣ ቁልፏ በስንት ብሎን እንደምትሰምጥ ለካ። የሌላኛዋንም እንዲሁ። ከዚያም «እኩል ናቸው» ብሎ ፈረደ። ሁለቱም ጸሐፊዎች ለረጅም ጊዜ አኮረፉት። አንዲቱ እንዲያውም «ዳኛ ሆነህ ሞተሃል!» አለችው፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ሲወለድም እንዲሁ ነበር ይላሉ ታላላቆቹ። ዳቦ እንዲያካፍል የታዘዘ ዕለት ክር አምጥቶ ርዝመቱን፣ ከዚያ ውፍረቱን፣ ከዚያ ደግሞ የተቃጠለውን ጎን ሲለካ ዳቦው ይቀዘቅዛል። ከሁሉ ያነሰውን ድርሻ የሚወስደው ራሱ ነው። ይህን የሚያደርገው ከደግነት ብቻ አልነበረም። ለራሱ አደላ ከሚባል በረሃብ ቢሞት ይመርጣል። አድልዎ የሚለው ቃል ከተነሣ ፊቱ ይቀላ ነበር።

ሚስቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። በተጋቡ ሰሞን «እኔን ከማን ጋር አወዳድረህ ነው ያገባኸኝ?» ብላ ጠይቃው ነበር። ጥቂት አሰበና «ያንቺ እንኳ በአንድ ናሙና ብቻ የተደረገ ነው» አላት። ስታወራው ትስቅ ነበር፤ በፊት።

ነገሩ የተጀመረው በመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ነው። የልደትና የጋብቻ አሮጌ መዛግብት እዚያ ተቀምጠው እርጥበት ይበላቸዋል። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ፣ ነገረኛና ሥራ ወዳድ ሴት፣ ገጾቹን በስካነር አስነሥታ ጨርሳለች። የተነሣው ግን ሥዕል ነው፤ በውስጡ ያለ ስም ተፈልጎ እንዲገኝ ኮምፒውተሩ ሥዕሉን እያነበበ ወደ ፊደል መለወጥ አለበት። ይህ ደግሞ ፕሮሰሰርን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ከጠዋት እስከ ማታ ወገቡን የሚይዝ ሥራ ነው። ለዚህ የሚሆኑ አዳዲስ ኮምፒውተሮች እንዲገዙ ጨረታ ወጣ። ሁለት ተወዳዳሪዎች ቀሩ። አንደኛው ማንም የማያውቀው ትልቅ ድርጅት ነው። ሁለተኛው የዳኛው ሚስት ታናሽ ወንድም ሱቅ ነበር።

ዳኛው በዚያው ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ።

«ይህን ሙከራ እኔ ማድረግ የለብኝም። አንደኛው ዘመዴ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ከወረቀቱ ቀና አላለም። «ዘመድህ ነው? ታዲያ እርሱ ነው መፍራት ያለበት።»

ሙከራው በእርሱ ላይ ወደቀ። ሁለቱ አቅራቢዎች አንድ አንድ ናሙና ላኩ። የድርጅቱ ፕሮሰሰር ጥቂት ኮሮች አሉት፤ ኮር ማለት በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ጎን ለጎን ሆኖ የሚሠራ ሠራተኛ እንደ ማለት ነው። ሠራተኞቹ ጥቂት ቢሆኑም እያንዳንዳቸው ቀልጣፋ ናቸው። የወንድምየው ፕሮሰሰር ደግሞ ብዙ ሠራተኞች አሉት፤ ፍጥነታቸው መካከለኛ ነው። ጥቂት ቀልጣፎች ይሻላሉ ወይስ ብዙ መካከለኞች? መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይህን ጥያቄ ከተመሠረተ ጀምሮ አልመለሰውም።

ዳኛው በሪፖርቱ ውስጥ የአቅራቢዎቹ ስም እንዳይነሣ ፈለገ፤ ለናሙናዎቹ የራሱን ስም አወጣላቸው። ከማያውቀው ድርጅት የመጣውን «እንግዳው» አለው፤ የወንድምየውን «ቤተኛው»።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ጥንቃቄ ያየ ሁሉ ይደነቃል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሜሞሪ ገጠመ። አንድ ዓይነት ዲስክ። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ርዝመት እኩል መሆኑን አጠገብ ላጠገብ ዘርግቶ አየ። አንዱ ገጽ ከሌላው እንዳይከብድ ለሁለቱም ያንኑ የመዝገብ ጥራዝ ሰጠ። የማቀዝቀዣ ፋኖቻቸው እኩል እንዲዞሩ አቧራቸውን በቀለም ብሩሽ ጠረገ። በዓለም ላይ እኩል ሊሆን የሚችል ነገር ሁሉ እኩል ሆነ።

የቀረው ቦታ መስጠት ነበር። የጥገና ክፍሉ ጠረጴዛ አንድ ጫፉ መስኮት ሥር ነው፤ ነፋስ አለው። ሌላው ጫፍ በፎቶ ኮፒ ማሽኑና በብረት መደርደሪያው መካከል ማዕዘን ውስጥ ገብቷል። ዳኛው ሁለቱን ሣጥኖች በሁለት ክንዱ አቅፎ ጥቂት ቆመ። የሚስቱን ወንድም ዕቃ መስኮቱ ሥር አስቀምጦ፣ የባዳውን ማዕዘን ውስጥ ሊወትፍ? ምን ይባላል? ደግሞስ እንግዳ የሚቀመጠው የት ነው? እንግዳውን መስኮቱ ሥር አስቀመጠ። ቤተኛውን ወደ ማዕዘኑ ወሰደው። ቤተኛ የትም ይቀመጣል።

ሙከራው ሳምንታት ወሰደ፤ በእያንዳንዱ ቀንም እንግዳው ቀደመ። በጥቂት አልነበረም፤ ቤተኛው ሦስት ገጽ አንብቦ ሲጨርስ እንግዳው አራተኛውን ይዘጋል። ዳኛው ምክንያቱን ሲመረምር ቤተኛው እንደሚግል አየ። ፕሮሰሰር ከልክ በላይ ሲግል እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህን ዳኛው ለስንቱ አዲስ ሠራተኛ አስተምሯል። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ቤተኛው ሙቀት አይችልም። ጠባዩ ነው።» ሪፖርቱን ሲፈርም በራሱ ኮራ። ዘመዱ ላይ ፈርዷል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ሪፖርቱ በተፈረመ በሦስተኛው ቀን ወንድምየው ዳኛው ቤት መጣ። ዕቃ ያራግፍበት የነበረውን ጓንት እንኳ አላወለቀም።

«ጋሼ፣ መሸነፉን ተወው። ሰው ይሸነፋል። ግን ጠባዩ ነው ብለህ ጻፍክ?»

«የለካሁትን ነው የጻፍኩት።»

«ያንኑ ፕሮሰሰር ለሆስፒታል ሸጫለሁ። ለማተሚያ ቤት ሸጫለሁ። ጠባዩን ያየበት የለም። አንተ ጋ ሲደርስ ነው ጠባይ ያወጣው?»

«እኔ ምን ላድርግህ? አንተ ስለሆንክ ልዋሽ?»

«ዋሽልኝ መች አልኩህ! አንተ እኮ እኔ ስለሆንኩ ነው…» አለና ቀሪውን ዋጠው። እህቱ ሻይ ይዛ ስትመጣ «ይብቃኝ፣ እታለም» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ለምሳ መምጣቱን ተወ። ስልክ ብትደውልለት «ሱቅ ሰው አለ» ይላል። እናታቸው የምትኖረው ከእርሱ ጋር ነውና እህቲቱ እናቷንም እንደ ልቧ ገብታ ማየት አልቻለችም። ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለቱንም ጊዜ ወንድሟ ጓዳ ገብቶ ቀረ።

ሚስት ባሏን አልተጣላችውም። ጩኸትም አልነበረም። ያደረገችው ከዚያ የባሰ ነው፤ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ታነጋግረው ጀመር።

«ጨው አለ?»

«ጥያቄዎ ደርሶናል።»

«ነገ ወደ ገበያ ትወጫለሽ?»

«በሚመለከተው ክፍል እየታየ ነው።»

ዳኛው መጀመሪያ ሳቀ፤ ሁለተኛውን ሳምንት ፈገግ አለ፤ ከዚያ በኋላ ጨዉን ራሱ መፈለግ ለመደ። በውስጡ ግን ተብከነከነ። እውነት ተናግሮ ቤቱ እንዲህ ሲቀዘቅዝ፣ ውሸት ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ምን ሊሆን ነበር?

ኮሚቴው ሪፖርቱን ቢቀበልም ለመፈረም አልቸኮለም። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ትዕግሥቷ አለቀ። «እነርሱ እስኪፈርሙ መዝገቦቼ ሻጋታ ሊያበቅሉ ነው» ብላ ሁለቱን ናሙናዎች ባሉበት ሥራ አስጀመረቻቸው። ዳኛውም አልከለከላትም፤ ጉዳዩ በእርሱ በኩል ተዘግቷል።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት በሩን ገፋ አድርጋ አንገቷን አስገባች።

«ዳኛው፣ ያ ሰነፉ ልጅህ ዛሬ ምን ቀምሶ ነው?»

«ማን?»

«ቤተኛው ነዋ። ድርሻውን ጨርሶ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ያንተ ጀግና ገና እያለከለከ ነው።»

«አይሆንም።»

«እሺ አይሁን። እኔ ምን አገባኝ፤ ሌላ ጥራዝ ስጠው።»

ዳኛው ሄዶ አየ። እውነት ነው። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ወንድምየው በስውር ገብቶ ፕሮሰሰሩን ለውጦታል የሚል ነበር። ሽፋኑን በካቻቢቴ ፈቶ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ከሪፖርቱ ጋር አስተያየ። ያው ነው። ፋኑም ያው፣ ሜሞሪውም ያው። አንድም የተነካ ብሎን የለም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ክፍሉን ቃኘ። የሆነ ነገር ጎድሏል፤ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ያን ጊዜ ነው የፎቶ ኮፒ ማሽኑ በቦታው አለመኖሩን ያስተዋለው። ለጥገና ከተወሰደ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የፈረመበትም ራሱ ነው። ማሽኑ የቆመበት ወለል በአራት ማዕዘን ነጥቶ ቀርቷል።

ማሽኑ ሲመለስ ዳኛው ሄዶ ከኋላው መዳፉን አስጠጋ፤ ታማሚ ግንባር ላይ እንደሚደረገው። ትኩስ አየር ሽው ብሎ ወጣበት። የማሽኑ መተንፈሻ ያነጣጠረው ቤተኛው አየር በሚስብበት ጎን ላይ ነበር። ጎረቤቱ ቀኑን ሙሉ ፊቱ ላይ እየተነፈሰበት ነው ያ ፕሮሰሰር ሦስት ገጽ ያነበበው። እንግዳው ደግሞ መስኮት ሥር ነፋስ እየተቀበለ።

ቦታቸውን አቀያየረና ሁለተኛውን ሙከራ ጀመረ። እንግዳው ማዕዘኑ ውስጥ እንደገባ ጋለ፣ አለከለከ፣ ወደ ኋላ ቀረ። እርሱም ጠባይ አወጣ።

የኤሌክትሪክ ገመድ ርዝመት የለካ ሰው ያወዳደረው ሁለት ወንበሮችን ነበር።

በነጋታው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቶ ፊርማው እንዲዘገይ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ። «ተከሳሽ ይግባኝ ሲል አውቃለሁ። ከሳሽም ሲል አይቻለሁ። ዳኛ በራሱ ፍርድ ላይ ይግባኝ ሲል ግን ገና ዛሬ አየሁ።» ሆኖም ፈቀደለት። ጉዳይ ማዘግየት እርሱ የማይከለክለው ብቸኛ ነገር ነበር።

ለሚስቱ የነገራት እራት ላይ ነው። አቀርቅሮ፣ ስለ አየር ዝውውር የሚያስረዳ አስመስሎ። ጨርሶ እስኪናገር ሰማችው። ከዚያ የደብዳቤ ቋንቋዋን ረሳችው።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ተነሣና ሂድ ንገረው!»

«ሦስተኛውን ሙከራ ስጨርስ።»

«የምን ሦስተኛ?»

«የመጀመሪያው ለእንግዳው አድልቷል። ሁለተኛው ለቤተኛው አድልቷል። አሁን ሁለቱንም ከማሽኑም ከመስኮቱም አርቄ ጠረጴዛው መካከል እለካቸዋለሁ። እውነተኛው ልዩነት ያን ጊዜ ይታወቃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

ሹካዋን አስቀመጠች። «ይቅርታም በፐርሰንት ሆነ?»

«ምን ያህል እንደበደልኩት ሳላውቅ ምን ብዬ ልጠይቀው?»

«በድዬሃለሁ ብለህ!»

«ትንሽ ቢሆንስ? ወይም ደግሞ እኔ ካሰብኩት በላይ ቢሆንስ? ጎደሎ ይቅርታ…»

«አንተ ሰው» አለችው፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ «እናቴን ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው? እስኪ ይህንን ለካልኝ።»

ዳኛው የሚያውቀው ቁጥር ነበር፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር መጥራት አሳፈረው። ሳህኑን አንሥቶ ወደ ማጠቢያው ሄደና ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ጊዜ አጠበው።

ሰኞ ግንቦት 16 ቀን ሦስተኛውን ሙከራ ለመጀመር ሁለቱን ኮምፒውተሮች ጠረጴዛው መካከል አቀራረባቸው። ማቀዝቀዣዎቹን ሲያነሣ በፕሮሰሰርና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት በአንደኛው ላይ ደርቆ አገኘው። ለአንዱ ቀይሮ ለሌላው መተው ስለማይሆን ለሁለቱም የሚበቃ አዲስ ቅባት መግዛት ነበረበት። ቅባቱ ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ይሸጣል። ዳኛው ከዚያ ሱቅ በር ላይ ደርሶ፣ ባለሱቁን በእጁ ሰላም ብሎ፣ አልፎት ሄደና አውቶቡስ ተሳፈረ። የወረደው የሚስቱ ወንድም ሱቅ አጠገብ ነው።

ወንድምየው መሰላል ላይ ቆሞ ሣጥን ይደረድራል። ዞር ብሎ አየውና መደርደሩን ቀጠለ።

«መሥሪያ ቤታችሁ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ተዘጋ?»

«ክፍት ነው።»

«ታዲያ?»

«ቅባት ፈልጌ ነው። የፕሮሰሰር።»

«እዚያ የለም?»

«አለ።»

ወንድምየው ከመሰላሉ ወረደ። አንድ ቱቦ ቅባት ከመስታወቱ ሥር አውጥቶ ባንኮው ላይ አስቀመጠ። ዳኛው አላነሣውም። ቱቦው ላይ የተጻፈውን የሚያነብ መሰለ።

«ፎቶ ኮፒው አጠገብ ነበር ያስቀመጥኩት» አለ።

«ምኑን?»

«ያንተን። ማሽኑ ትኩስ አየሩን የሚያወጣው በእርሱ ላይ ነው። እኔ ሳላየው። የተጠበሰው እኔ ባስቀመጥኩበት ነው እንጂ ጠባዩ አይደለም።»

«ያኛውስ?»

«ያኛው መስኮት ሥር ነበር።»

«ለምን?» ወንድምየው ድምፁ ጠጠረ። «ለምን የእኔ ማዕዘን፣ የእርሱ መስኮት ሥር? ዕጣ አወጣህ?»

ልኬት ቢሆን ዳኛው ይመልስ ነበር።

«እንግዳ ነዋ» አለ በመጨረሻ።

የወንድምየው ከንፈር ተንቀጠቀጠ፣ ትከሻው ተከተለ፣ ባንኮውን ይዞ ሳቀ። «ለፕሮሰሰር! ጋሼ፣ ለፕሮሰሰር ወንበር ለቀቅክለት? ውኃስ አቀረብክለት?» እንባውን በክንዱ ጠረገ። ሲጨርስ የቀረው ፊት የሳቀ ሰው ፊት አልነበረም። «ሰው ሁሉ እኮ ዘመዱ እንኳ ጣለው አለኝ። ደንበኛ ሁሉ። እርሱ ካልወሰደው እኛ ምን በወጣን አሉ።»

«አውቃለሁ። ለሥራ አስኪያጁ ተናግሬያለሁ። በጽሑፍ አርማለሁ። ሦስተኛውን ሙከራ ገና አልጨረስኩም እንጂ፣ ልዩነቱ በትክክል…»

«ተወው ልዩነቱን።»

«አይ፣ ግዴለም፣ ሳላውቀው…»

«ጋሼ፣ ተወው አልኩህ እኮ!»

ዳኛው ዝም አለ። በሕይወቱ ያላለቀ ልኬት በእጁ ይዞ ዝም ሲል ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ የቱን ያህል እንደከበደው ፊቱ ላይ ይታያል። ወንድምየው የቅባቱን ቱቦ በትንሽ ፌስታል አድርጎ ገፋለት። ዳኛው እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ «አታስቀይመኝ» አለው። ዳኛውም አላስቀየመውም።

«እታለም ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። እንደ ደብዳቤ ታናግረኛለች።»

«እጇን ይባርከው። ሱቅ ስዘጋ እደውልላታለሁ በላት። አይ፣ ተወው፣ አትንገራት፤ እደውላለሁ።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያለው ይመስል ከመሳቢያ ቁራጭ ካርድ አወጣ። «እግርህ ካልደከመ የእማማ ጫማ ጫማ ሰፊው ጋ ነው፤ ተረከዙ ተቀይሮ። እኔ ሱቁን ጥዬ መሄድ አልችልም፤ ከጠዋት ጀምሮ ጫማዬን እያሉኝ ነው። ተቀብለህ አድርስልኝ።»

ጫማ ሰፊው ከመንገዱ ማዶ ደረጃ ሥር ነው። ዳኛው ካርዱን ሰጥቶ ጥቁሮቹን ጫማዎች ተቀበለ፤ ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ተረከዞቹ እኩል መሆናቸውን ጎንበስ ብሎ አየ። ጫማ ሰፊው «ደግሞ ይሄ ማነው?» በሚል ዓይን አየው። እኩል ነበሩ።

ከሱቁ በላይ ያለውን የቤቱን በር አማቱ ራሳቸው ከፈቱ። ልጃቸው ያኮረፈውን ሰው በድንገት በራቸው ላይ ቆሞ ሲያዩት አልደነቁም፤ ያዩት ጫማውን ነው።

«መጣልኝ! ግባ ልጄ፣ ግባ። ጠፋህ፤ ሥራ በዛብህ?»

«በዛብኝ እማማ። ያድርጉት እስኪ።»

ወንበር ላይ ተቀምጠው አደረጉት። ቀኙን አንሥተው አዩ፣ ግራውን አንሥተው አዩ፣ ተነሥተው እስከ ግድግዳው ሄደው ተመለሱ።

«ግራው ይጠባል።»

«አይጠብም እማማ፤ ሁለቱም እኩል ናቸው። እኔ ራሴ አይቻቸዋለሁ።»

«እግሬንስ አይተኸዋል?»

ዳኛው ወደ አሮጊቷ እግር ተመለከተ። ግራው ከቀኙ አበጥ ብሏል፤ ያረጀ ሰው እግር ነው። ተንበርክኮ ጫማውን በቀስታ አወለቀላቸው።

«በጥቂቱ እንዲያሰፋው ልውሰደው?»

«ግራውን ብቻ። ቀኙ ይበቃኛል።»

አንዱን ጫማ በፌስታል ይዞ ደረጃውን ወረደ። ጫማ ሰፊው ሲመለስ አይቶት «እኩል አይደሉም እንዴ?» አለው። «እኩል ናቸው፤ ግራውን አስፋው» አለ ዳኛው። ጫማ ሰፊው እንጨቱን ጫማው ውስጥ ገፍቶ፣ ቆዳውን በውኃ አርሶ፣ መለጠጥ ጀመረ። ዳኛው በአነስተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ሰዓቱን አላየም።

ከዚያ ጫማውን ተቀብሎ ማዶ ተሻገረ፣ ደረጃውን ወጣ፣ ለአማቱ በእጁ አደረገላቸው። «አሁን ልክ ሆነ» አሉት።